ሱሉልታ ላይ ለፈረሶቼ የኤሌክትሪክ አጥር ሳቆም

ዳማዋ ባዝራዬ ደረቷ በእሾህ ሽቦ የተተረተረው ሰኔ ላይ፣ በሌሊት ነው። ጅብ ከቅርብ ሲጮህ ደንብራ በጨለማ ሽቦው ውስጥ ገባች። ክረምቱን ቁስሏን በጨው ውሃ ሳጥብ ከረምኩ፤ ያን ሽቦ ነቅዬ የኤሌክትሪክ አጥር ለማቆም የቆረጥኩትም ያኔ ነው።

ኤሌክትሪክ ስል ጎረቤቶቼ ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነበር። አንድ የመብራት ሠራተኛ ከቆጣሪው በቀጥታ ሊቀጥልልኝ ፈልጎ ነበርና። 220 ቮልት ፈረስንም ልጅንም ይገድላል፤ በፍጹም እንዳትሞክሩት። ለአጥር ተብሎ የሚሠራው፣ ኢነርጃይዘር የሚባለው መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። የእኔው በሶላር ከሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። በየሰከንዱ ገደማ አንዴ ብዙ ሺህ ቮልት ይለቃል፤ ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ቆንጥጦ ይለቃል እንጂ ይዞ አያስቀርም።

በሽቦ ፈንታ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ሪባን ዘረጋሁ፤ ውስጡ ቀጫጭን የብረት ክሮች አሉት። የደነበረ ፈረስ ቀጭን ሽቦ አይታየውም። የላይኛው መስመር ከመሬት 1 ሜትር ከ30፣ የታችኛው 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪኩን ስለሚያፈስ በየቋሚው የፕላስቲክ ኢንሱሌተር መታሁ። ማዕዘኖቹንም ጎበጥ አደረግኋቸው፤ ጉልበተኛው ፈረስ ደካማውን ጥግ አስይዞ እንዳይረግጠው።

መስከረም ላይ መለኪያዬ 6,000 ቮልት አካባቢ ያሳይ ነበር። ቦራው አንዴ በአፍንጫው ነክቶ ወደ ኋላው ዘለለ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አጥሩ አልተጠጋም።

ጥር ላይ ግን ያው ቦራ ሪባኑን በደረቱ ገፍቶ ወጣ፤ የጎረቤት ድርቆሽ ክምር ሥር አገኘሁት። መለኪያው 2,000 እንኳ አልሞላም። ባትሪ ለወጥኩ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሦስት ቀን ለፋሁ። ጥፋቱ ለካ ከመሬት ሥር ነበር። ኤሌክትሪኩ ፈረሱን የሚመታው ከሪባኑ ተነሥቶ በገላው አልፎ፣ በኮቴው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ በአፈሩ በኩል ወደ መሣሪያው መመለስ ሲችል ነው። እኔ ለመመለሻው የቀበርኩት ግማሽ ሜትር የምትሆን አንዲት ፌሮ ነበረች። ዋልካው በበጋ ሲሰነጠቅ ፌሮዋ በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ቆማ ቀርታለች።

ሦስት ባለ 2 ሜትር ጋልቫናይዝድ ዘንጎች ገዝቼ፣ በመካከላቸው 3 ሜትር እየተውኩ፣ በውሃ ገንዳው አጠገብ ቀበርኳቸው፤ ፈረሶቹ ሲጠጡ የሚፈሰው ውሃ አፈሩን በጋ ከክረምት ያርሰዋል። ከቤቱ ግራውንድም፣ ማለትም የቤቱ መብራት ከመሬት ጋር ከተያያዘበት ዘንግ፣ ከ10 ሜትር በላይ አራቅኋቸው። ለመሞከር 100 ሜትር ርቄ ሪባኑ ላይ የብረት ዘንጎችን አስደግፌ ኃይሉን ወደ መሬት አወረድኩና የቀበርኳቸውን ዘንጎች ለካሁ። በእነሱ ላይ የሚታየው ከ300 ቮልት በታች ከሆነ በቂ ነው፤ የእኔው 200 ሆነ።

ከመሣሪያው እስከ አጥሩ የቀበርኩት የቤት ውስጥ ገመድም ያፈስ ነበር፤ ለአጥር በሚሠራው ወፍራም ገመድ ተካሁት። ክረምት ሲገባ ሣሩ ሪባኑን እንዳይነካ በየሁለት ሳምንቱ አጭዳለሁ። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፌ ከብት ጠባቂ ልጆች በሚያልፉበት በኩል ሰቅያለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ራሴ እየዞርኩ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት መለኪያዬን ይዤ አጥሩን እዞራለሁ። ከ4,000 በታች ካሳየ ጥፋቱ እስኪገኝ ፈረሶቹ ከጋጣ አይወጡም።