የኩሽናዬን ማጠቢያ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ የከፈትኩበት መንገድ

ጅማ ላይ የኩሽና ማጠቢያ ሲዘጋ ተጠርጣሪው ከሩቅ አይፈለግም። ጠዋትም ከሰዓትም ቡና የሚፈላበት ቤት ጀበናው የሚለቀለቀው እዚያው ማጠቢያ ላይ ነው፤ አተላው ደግሞ ውሃ አያሟሟውም። በዚያ ላይ የወጥ ድስቱ ቅቤ አለ። ትኩስ እያለ የወረደ ቅቤ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ይረጋና አተላውን ያጣብቀዋል። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣም ብዙ ጊዜ የምናጥበው ከበርሜል በጆግ እየቀዳን ነው፤ እንዲህ ያለው ውሃ ዝቃጩን ገፍቶ የሚወስድ ጉልበት የለውም።

እዚሁ ጅማ መንቲና ሰፈር በተከራየሁት ቤት የሆነውም ይኸው ነው። ውሃው መጀመሪያ እየዘገየ ይወርድ ነበር፣ በኋላ ጭራሽ ቆመ። የደወልኩለት ባለሙያ የጠራው ዋጋ የሳምንት አስቤዛ ይሸፍናል። እስቲ ራሴ ልየው አልኩ።

አከራያችን በር ላይ ቆመው "በረኪና ገልብጥበት ልጄ፣ ጠራርጎ ይወስደዋል" አሉኝ። "እማማ፣ በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ አተላ አይነካም፤ ይተዉት" አልኳቸው። ጎረቤቴ ያለችኝን አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ግን ሞከርኩት። አረፋው ለዓይን ደስ ይላል፤ ሥራ ግን አልሠራም። የሚፈጠረው ጋዝ በክፍቱ አፍ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ሁለቱ ተዋህደው ሲያበቁም የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ በረኪናና አቼቶ በፍጹም አይደባለቁ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ኮስቲክ ሶዳ ቅባት ይበላል፣ ነገር ግን ቆዳና ዓይንም ያቃጥላል። ልጆች ባሉበት ግቢ እሱን ማስገባት አልፈለግሁም።

ቀጥሎ ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ዕቃ አመጣሁ። ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀዳዳው ላይ ገለበጥኩትና በሁለት እጄ ጨመቅኩት። የማጠቢያው የላይኛው ትርፍ ቀዳዳ በጨርቅ መደፈን አለበት፤ አለዚያ ግፊቱ በዚያ ይወጣል። ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ግን አልተከፈተም። ለቀላል መዘጋት ግን ጎማ መምጠጫ ከመግዛት ይሻላል።

የቀረው ሲፎኑን መፍታት ነበር። ከማጠቢያው ሥር ያለው ይህ ዕቃ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፤ ከባድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚዘቅጠውም እዚያው ነው። የኔው ታችኛው ኩባያ በእጅ የሚፈታ ዓይነት ነው። ባልዲ ከሥሩ አድርጌ፣ በደረቅ ጨርቅ ይዤ አዞርኩት። ፒንሳ አልተጠቀምኩም፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ኩባያው ውስጥ ጥቁር፣ ቅባታም፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ጭቃ የሚሰረጉድ ነገር ሞልቷል፤ መሐሉ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የክብሪት እንጨትና ከሙቀጫው ያመለጠ አንድ ቡና ፍሬ። ሽታው የከረመ ቅቤ ነው። ወደ ግድግዳ የሚገባውን ቱቦ ጫፉ በታጠፈ የልብስ መስቀያ ሽቦ ጠረግሁት፤ ሽቦውን ወደ ውስጥ መግፋት ሳይሆን እያዞሩ ወደ ራስ መሳብ ነው የሚሻለው። አሮጌዋ ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ የምትገባው የጎማ ቀለበት፣ ደርቃ ስለነበር በአዲስ ቀየርኳት። ጠቅላላ ወጪዬ እሷ ብቻ ናት።

ገጥሜ ስጨርስ ሙቅ ውሃ ለቀቅሁበት። የፈላ ውሃ ግን አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ከ60 ዲግሪ በላይ ላልተሠራ የፒቪሲ ቱቦ ይበዛበታል። ቅቤ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ እጅ በግድ የሚችለው ሙቀት ይበቃል።

አሁን የጀበናው አተላ የሚደፋው ጓሮ እንሰቱ ሥር ነው። ቀዳዳው ላይ አሮጌ የሻይ ማጥለያ አለ። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በእንጀራ ይጠረጋል፤ ይህን ሥራ እኔ በደስታ ወስጄዋለሁ።

ማጠቢያው ብቻ ሳይሆን ሻወሩና ሽንት ቤቱም አብረው ካመለሱ ግን ሲፎን መፍታት ድካም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሞላው የግቢው ጉድጓድ ስለሆነ ለአከራይ ተነግሮ መምጠጫ መኪና ይጠራል።