ንስሐ በደብተር

በእኛ ደብር ወደ ቁርባን የሚቀርበውን ሰልፍ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፦ እናቶች ያቀፏቸው ሕፃናት አሉ፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት አሉ፣ መካከሉ ባዶ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለነው ከኋላ ቆመን እናያለን። ለምን ቢሉን «አልበቃሁም» እንላለን። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል፤ የእኔ ግን ትሕትና አልነበረም። ጾሜ ሳይጓደል፣ ጸሎቴ ሳይታጎል፣ በማንም ላይ ቂም ሳይኖረኝ መቅረብ ነበር የምፈልገው። ይቅር የሚባልልኝ ነገር ሳይኖር ይቅርታ ልቀበል ማለት ነው!

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በጀት ሲዘጋ የጥቂት ብር ልዩነት ከወጣ ሰነዱን ሁሉ ከመጀመሪያ እገለብጣለሁ፤ ለዚህም እመሰገናለሁ። ያንኑ ጠባይ ይዤ ነበር ንስሐ የምገባው። ደብተር አለኝ፤ ቀን፣ ጥፋት፣ ምክንያት የሚል ዐምድ ሁሉ አስምሬለታለሁ። አንብቤ፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ አባ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውኝ ስወጣ፣ ከግቢው ሳልርቅ የዘለልኩት ትዝ ይለኝና ተመልሼ አንኳኳለሁ። የስቅለት ዕለት እንኳ ስሰግድ ቁጥሩ ከጠፋኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከጎኔ ያሉት ሴት እያለቀሱ ይሰግዳሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አባ ደብተሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ገለጡት።

«ልጄ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል!» አሉኝ።

ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

«ፈያታዊ ዘየማን ግን ደብተር አልነበረውም» አሉና መለሱልኝ።

ቤቴ ገብቼ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23ን አነበብኩ። ፈያታዊ ዘየማን፣ ያ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ በደሉን አንድ በአንድ ሲዘረዝር አናገኘውም። የሚገባውን ፍርድ እየተቀበለ መሆኑን አመነ፣ ከዚያ «ጌታ ሆይ፥ በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ፤ በቃ። ኑሮውን የሚያስተካክልበት ቀን አልቀረውም። የወሰደውን ለመመለስም እጁ መስቀል ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ የተባለው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴውን ስሰማ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ ድሮ እሸማቀቅ ነበር፤ ቅዱስ የሆነ ይቅረብ፣ አንቺ እዚያው ቁሚ የተባልኩ ይመስለኛል። ሕዝቡ የሚመልሰውን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬ እያልኩ አላስተዋልኩትም፦ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ»። እኔ አለሁ የሚል አንድ ሰው የለም። ብዙም ሳይቆይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይከተላል። ሊቀበሉ የተዘጋጁትም ማረን እያሉ ነው የሚቀርቡት።

ዝግጅቱ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ ጽፋ ነበር ተብሎ ከአባ ጋር እንዳልጣላ። ንስሐው፣ 18 ሰዓት መጾሙ፣ ከተቀያየሙት ሰው ጋር መታረቁ እንዳለ ነው። እኔ የተውኩት ይህን ሁሉ ካሟላሁ ይገባኛል ማለቱን ነው።

ባለፈው እሑድ ቀረብኩ። በቅዳሴው መካከል ሐሳቤ ቢሮ ደርሶ ተመልሷል፤ ነጠላዬ ላይ ጧፍ ተንጠባጥቦበታል። ከፊቴ አንድ ሕፃን እናቱ እቅፍ ውስጥ እየተንፈራገጠ ይጮኻል። አቀበሉትና ዝም አለ፤ እናቱም አፉን በነጠላዋ ሸፈነችለት። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር።

ታናሽ እህቴን ለፍልሰታ አብረን እንቁረብ አልኳት። «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ የአባን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት።