ሰባቱን ምስጢራት በ16 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ማስተማር

በካቶሊክ ሰንበት ትምህርት የመጀመሪያው እንቅፋት ሥዕሉ አይደለም፤ ቃሉ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ምስጢር» ሲባል የሚገባው ለሰው የማይነገር ነገር ነው። «ምስጢረ ቀንዲል» ሲባል ደግሞ መብራት ይሥላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የጻፍኩት «በዓይን የሚታይ ምልክት፣ በዓይን የማይታይ ጸጋ» የሚለውን ነው። የታመመ ሰው የሚቀባውንም «የሕሙማን ቅባት» አልኩትና «ቀንዲል»ን በትንሹ ከሥሩ አስገባሁ።

መጽሐፉን በአራት የኤ4 ወረቀት ሠራሁት። ወረቀቱ ለሁለት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፦ ሁለት ለሽፋን፣ 14 ለሰባቱ ምስጢራት (ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ የሕሙማን ቅባት፣ ክህነት፣ ተክሊል)። ከገጽ 2 ጀምሮ እያንዳንዱ ምስጢር ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ይደርሱታል። ሲታተም በአንድ ወረቀት ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚውሉት ገጾች ድምር ሁልጊዜ 17 ነው (16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15፤ ቀጣዩ ወረቀት 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13)። ማተሚያው ወረቀቱን በአጭሩ ጎን እንዲገለብጠው ካልታዘዘ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። ስቴፕለሬ እስከ መሃል ስለማይደርስ በመርፌና በክር ሦስት ቀዳዳ ሰፋሁት፤ እንዲያውም ይበልጥ ይበረክታል።

በሥዕሉ ላይ ጥላ አላደርግም፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥቁር ድፍን ይሆናል። ወፍራም መስመር ብቻ፣ ልጁ እንዲቀባው። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ክሬዮን አይዝም፤ ተራው 80 ግራም ይበቃል።

ትልቁ ስህተቴ ዕቃውን ብቻ መሣሌ ነበር፦ ማሰሮ፣ ዘይት፣ እንጀራ፣ ቀለበት። ልጁ ዘይቱን ከወጥ ቤቱ ዘይት በምን ይለየው? አሁን በግራ ገጽ የሰው እጅ የሚያደርገውን፣ በቀኝ ገጽ እግዚአብሔር የሚሰጠውን እሥላለሁ። ለጥምቀት በግራ በኩል ውሃ ሦስት ጊዜ የሚያፈስ የካህን እጅ፣ በቀኝ ሕፃኑ በምእመናን መካከል። ለሜሮን፣ ማለትም የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ በቅዱስ ዘይት ለሚሰጥበት ምስጢር፣ እርግብ ብቻ ሲሣል «ወፏ» ተብሎ ይቀራል፤ ግንባር ላይ ሜሮን የሚቀባ እጅ ይሻላል። ግን በግእዝ ሥርዓት (የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊኮች የራሳቸው ሥርዓት) ሜሮን ከጥምቀት ጋር ስለሚሰጥ፣ ጳጳስ አድገው የቆሙ ልጆችን ሲቀባ የሚያሳየው ሥዕል ለላቲን (የሮም) ሥርዓት ቁምስና፣ ማለትም አጥቢያ፣ ብቻ ይሆናል። ለተክሊልም እንደዚሁ፦ ለአንዱ አክሊል፣ ለሌላው ቀለበት። ለክህነት የጳጳሱ እጅ በራስ ላይ መጫኑ ይበቃል።

ንስሐ ገጽ 8 እና 9 ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ ይውላል። አንድ ወረቀት ስለሆነ ሥዕሉ ሳይቆረጥ ሁለቱን ገጽ ይሸፍናል። ጨለማ የመናዘዣ ሳጥን አልሥልም፤ ልጅ ያስፈራል። ካህኑና ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸው አምስት ጣት ያለው እጅ፦ ኅሊናን መመርመር፣ መጸጸት፣ ላለመድገም መቁረጥ፣ መናዘዝ፣ ቀኖናን መፈጸም። «ምስጢር» በተለመደው ትርጉሙም የሚሠራው እዚህ ነው፦ ካህኑ የሰማውን ለማንም አይናገርም። ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የሕሙማን ቅባት ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሽማግሌ ከተሣለ ልጁ «ካህን ከመጣ ሰው ይሞታል» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ቅባቱ በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ ገልጿል። እኔ አልጋ ላይ ቀና ብላ የተቀመጠች ሴት እሥላለሁ፣ አጠገቧ የሾርባ ሳህን።

በአንድ እሑድ አንድ ምስጢር፣ ለቁርባን ሁለት እሑድ። በገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከስምንት ቃል አይበልጥም። ሊደገሙ የማይችሉት ሦስቱ (ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ክህነት) ጥግ ላይ ትንሽ ማኅተም አላቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው እየፈለጉ ያገኙታል።

ገጽ 16 ባዶ ነው። ልጁ የክርስትና ስሙንና የተጠመቀበትን ቀን ይጽፍበታል። ቀኑን የማያውቁ ወላጆች ስላሉ ቤተሰቡ ከቁምስናው የጥምቀት መዝገብ እንዲያፈላልግ ከሁለት ሳምንት በፊት ወረቀት እልካለሁ፤ ሌላ ቁምስና የተጠመቀ ከሆነ አንድ ወርም ይፈጃል።