ቢጫዋ መብራት

«ቼክ ኢንጂን በራብኝ» ካላችሁ ኮፈኑ ሳይከፈት ምርመራው አልቋል። ዛሬ ጠዋት ይህቺ የሞተር ችግር ጠቋሚ መብራት የኔዋ የ2005 ኮሮላ ላይ ስትበራ ጎረቤቴ «ካንዴላ ነው» አለ፣ የፓርኪንጉ ልጅ «ቤንዚኑ ነው»፣ የመጀመሪያው ጋራዥ ደግሞ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ሶማሌ ተራ ሂድና አምጣ»። በምን አወቃችሁ? ዝም።

ከሰዓት ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ከመሪው ሥር የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር ሰካ፤ ፒ0171 የሚል ኮድ አወጣ። አየሩ ከቤንዚኑ በልጧል ነው ነገሩ። የቆሸሸ የአየር ሴንሰርም፣ የደከመ ፓምፕም፣ የተሰነጠቀ ቱቦም ያመጣዋል። ኮዱ ሰፈሩን እንጂ የቤት ቁጥሩን አይነግርም።

ልጁ ቁጥሮቹን እያየ «በሚኒሞ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ነው፣ ፔዳሉን ስረግጠው ግን ይስተካከላል። አየር የሚስብበት ቦታ አለ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በየቱቦው አጠገብ ፊስ፣ ፊስ። (ሞተሩ ሲግል እንዳትሞክሩት፣ እሳት ነው።) አንዷ ጋ ሲደርስ ስፕሬዩን ሳበችውና የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ። ጣት የማታህል የጎማ ቱቦ፣ ከሥሯ ተሰንጥቃ! ዋጋዋ ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

«ኮዱን ላጥፋልህ» ብቻ የሚል መካኒክ ምንም አልሠራላችሁም፣ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ብልጭ ድርግም ካለች ግን መኪናውን አቁሙ፣ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ታቃጥሉታላችሁ። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና መብራቷን እዩ። ጭራሽ ካልበራች ሻጩን አምፖሏ የት እንደሄደች ጠይቁት።