ድመቷም አብራ ገባች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። በዚህ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ደብል ሺፍትና ስለ ሰው እጥረት ነው። አዛውንቶቹ ይዘዋቸው ስለሚመጡት ድመቶችና ውሾች ግን ብዙም አናነሳም። እኔ ላንሳው።

እኛ አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች። እዚህ ሌላ ነው። አንዲት እናት ባላቸውን ቀብረው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው አንድ ክፍል ውስጥ ሊኖሩ ይመጣሉ። ከዚያ ሁሉ ኑሮ ነፍስ ያለው ሆኖ አብሯቸው የሚገባው ድመታቸው ብቻ ናት። እሷን ደጅ ትተው ይግቡ ማለት ለእኔ ጭካኔ ነው።

ከምንከባከባቸው መካከል አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ጣቶቻቸው በአርትራይተስ ተቆልምመዋል። ጠዋት ለመድኃኒት ይነሱ ሲባሉ እሺ አይሉም። ድመቷ አልጋው ላይ ወጥታ መጮኽ ስትጀምር ግን እግራቸውን ወደ መሬት ያወርዳሉ። የድመቷን ምግብ ጣሳ የምከፍትላቸው እኔ ነኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልከፍተውም። ቀለበቷን ስቤ ክዳኑን እስከ ግማሽ አደርሰዋለሁ። የቀረውን እሳቸው በማንኪያ እጀታ ቀስ ብለው ያነሱታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መረቁ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፣ ድመቷ እግራቸው ሥር ትሽከረከራለች። ጊዜ ይወስዳል። እኔ ብከፍተው ወዲያው ያልቅ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አጥቧቸው፣ ሰው አልብሷቸው፣ ሰው ደግፏቸው ነው የሚውሉት። እሳቸው ለሌላ ፍጡር የሚያደርጉት ነገር ያ ብቻ ነው። እሱን ልቀማቸው አልፈልግም።

ይህን ነገር ቀድሞ የተረዳ ሐኪም አለ፤ ዶክተር ቢል ቶማስ ይባላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ስቴት፣ ኒው በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ቼዝ ሜሞሪያል በሚባል ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ይሠራ ነበር። አዛውንቶቹን የሚጎዳቸው በሽታው ብቻ አይደለም፣ ብቸኝነት፣ መሰላቸትና ረዳት አልባነትም ነው አለ። ከዚያ 2 ውሾች፣ 4 ድመቶችና 100 ወፎች አስገባ። ልጆችንና አትክልትንም ጨመረ። የወፎቹ ኬጅ በጊዜ ስላልደረሰ መጀመሪያ የተለቀቁት የመኖሪያው ጸጉር ቤት ውስጥ ነበር። በኋላ በተደረገው ጥናት አንድ ነዋሪ የሚታዘዝለት መድኃኒት ብዛት ከሌላ ተመሳሳይ መኖሪያ ጋር ሲወዳደር ወደ ግማሽ ወረደ። ሞትም በ15 በመቶ ቀነሰ። ወፎቹ ይሁኑ ልጆቹ ወይስ አትክልቱ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም። እኔ ግን በየጠዋቱ ከማየው ተነስቼ አምነዋለሁ።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ቶሎ የሚያልፉት ነገር አለ። ወፎቹን ማን መገበ? ውሻው ኮሪደር ላይ ሲጸዳዳ ማን ጠረገ? ያው ሠራተኛው ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው። ብዙ መኖሪያዎች እንስሳ እንቀበላለን ብለው ያስተዋውቃሉ። የክትባት ወረቀት ይጠይቃሉ፣ የውሻውን ክብደት ይወስናሉ፣ ተቀማጭ ገንዘብ ያስከፍላሉ፣ ችግር ቢመጣ የሚጠራ ሰው ስም ያስሞላሉ። የዕለቱ ሥራ የማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። አዛውንቷ ማጎንበስ ሲያቅታቸው ድመቷ የምትጸዳዳበትን አሸዋ የምትቀይረው በዚያ ሺፍት ያለችው ልጅ ናት። የሌሎቹ ነዋሪዎች ደወል በዚያው ሰዓት ይጮኻል።

ቀድሞ በሠራሁበት ሌላ ቤት አንድ አባት ትንሽ ውሻ ነበራቸው። አንድ ሌሊት ታመው በአምቡላንስ ሄዱ። ፎርሙ ላይ የተጻፈው የወንድማቸው ልጅ ስም ነው። ሲደወል ስልኩ አይሠራም፤ ልጅቷ ሌላ ስቴት ሄዳለች። ፎርሙ ከተሞላ ወዲህ ማንም ደውሎ አጣርቶ አያውቅም። በእረፍታችን እየተቀባበልን ውሻውን ስናወጣው ሰነበትን። በመጨረሻ አስተዳደሩ ወደ እንስሳት መጠለያ ላከው። እሳቸው ድነው ተመለሱ። ገና ከዊልቸሩ ሳይወርዱ የጠየቁት ውሻውን ነው። መጠለያው ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ምግብ በግድ ነበር የሚበሉት። እስካሁን ያናድደኛል። አንድ የስልክ ጥሪ ያድነው የነበረ ነገር ነው።

የሠራተኛውም እምነት መታሰብ አለበት። አንዲት ሙስሊም ባልደረባዬ አለች። የውሻ ምራቅ ልብሷን ከነካው ለሶላት ማጠብ ወይም መቀየር አለባት። ድመት ላይ ችግር የለባትም። ስለዚህ ውሻ ያለበትን ክፍል እኔ እወስዳለሁ፣ በምትኩ ድመት ካለባቸው ክፍሎች አንዱን እሷ ትሸፍንልኛለች። ይህን የተስማማነው እኛው ነን፤ በኋላ ነው ለሱፐርቫይዘራችን የነገርናት። እሷም ሐሳቡን ወዳው ፕሮግራሙ ላይ አስገባችው።

አደጋም አለ፣ አልደብቅም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ86,000 በላይ ሰው ከድመት ወይም ከውሻ ጋር በተያያዘ ወድቆ ድንገተኛ ክፍል ይገባ ነበር። ዎከር (የመራመጃ ድጋፍ) ለሚገፋ አዛውንት እግር ሥር የተኛች ድመት ቀላል ነገር አይደለችም። እኛ ለአስተማሪዋ ድመት ቃጭል አሰርንላት፣ ምግቧንም ከመታጠቢያ ቤቱ መንገድ ላይ አንስተን መስኮቱ ሥር አደረግነው። ሌሊት ትንሽ መብራት ይበራል።

አሁን ያለሁበት ቤት ግን አንድ ነገር አድርጓል። የድመቷ ሥራ በአስተማሪዋ የእንክብካቤ ዕቅድ ውስጥ ተጽፏል። አሸዋውን የትኛው ሺፍት እንደሚቀይር ይታወቃል፤ ጊዜውም ከሥራችን ይቆጠራል። ችግር ቢመጣ ስለ ድመቷ የምትጠራው የድሮ ጎረቤታቸው ናት። እየመጣች ከድመቷ ጋር ትጫወታለች፣ ድመቷም ለምዳታለች። ቢሮው ስልኳ መሥራቱን እየደወለ ያጣራል።

ብዙዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ የሲኒየር አፓርትመንት ታመለክታላችሁ። በፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚተዳደር የአረጋውያን አፓርትመንት ከሆነ፣ ከ1983ቱ ሕግ ወዲህ ባለቤቱ ደንብ ማውጣት ይችላል እንጂ የቤት እንስሳ ጨርሶ አይገባም ማለት አይችልም። ነርሲንግ ሆም ግን በዚህ ሕግ ሥር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደንብ አለው። የእኛ ወላጆች ውሻ ይዘው ላይገቡ ይችላሉ። ነገር ግን ጎረቤታቸው ይኖረዋል፣ ሊፍት ውስጥም ያገኙታል። እማማ ውሻ የሚፈሩ ከሆነ ወይም ለጸሎት ንጽሕና የሚጠነቀቁ ከሆነ ክፍሉ ሳይመረጥ በፊት ተናገሩ።

እንስሳ ይዞ የሚገባ ሰው ካላችሁ ደግሞ ኪራዩን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ቀን ማን ያወጣዋል? ሌሊትስ? ሆስፒታል ሲገቡ ማን ይወስደዋል፣ መኖሪያውስ ስንት ቀን ያቆየዋል? ሲመለሱ ይመለስላቸዋል ወይ? ይህን ሁሉ በጽሑፍ ካልሰጧችሁ አትፈርሙ።