ኮሮሲንክ፦ ማልቲካስት፣ ዩኒካስት ወይስ ኬኔት?

ኮሮሲንክ በክላስተር (አንድ ላይ በሚሠሩ ሰርቨሮች ቡድን) ውስጥ ሰርቨሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። ክላስተሩ ተነሥቶ ደህና ሲሠራ ቆይቶ፣ 5 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ከተጠፋፉ መጀመሪያ ስዊቹን ጠርጥሩ። ኮሮሲንክ 2 ሌላ ካልተባለ በስተቀር የሚጠቀመው የዩዲፒ ማልቲካስት (አንዱን መልእክት ለቡድኑ አባላት ሁሉ በአንዴ መላክ) ነው። ስዊቹ ላይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (ማልቲካስቱን አባላት ላሉባቸው ፖርቶች ብቻ የሚያደርስ ተግባር) በርቶ ኩዌሪየር ከሌለ፣ ማን አባል እንደሆነ የሚጠይቅ ስለማይኖር ጊዜው ሲያልፍ ስዊቹ ፖርቶቹን ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል፤ ፓኬቱም እዚያው ይቀራል። የ10 ሰከንድ ሙከራ የሚያታልለው ለዚህ ነው። የማልቲካስት መሞከሪያውን ኦምፒንግን ቢያንስ 10 ደቂቃ አስኪዱት።

መፍትሔው ኩዌሪየር ማብራት ነው። ስዊቹ በእጃችሁ ካልሆነ (በኪራይ ሰርቨር ላይ የተለመደ ነው) ወደ ዩዲፒዩ (ለእያንዳንዱ ሰርቨር ለየብቻ ወደሚልከው የዩዲፒ ዩኒካስት) ዙሩና የእያንዳንዱን ሰርቨር አድራሻ ኖድሊስቱ (በኮሮሲንክ ማዋቀሪያ ፋይል ያለው የሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ ጻፉ።

መልእክት መድረሱን የሚያረጋግጠው ቲሲፒ ለምን አይሆንም? የኮሮሲንክ ፕሮቶኮል ቶተም የጠፋውን መልእክት ራሱ ያስደግማል፣ ቅደም ተከተሉንም ይጠብቃል። ያን ሥራ ሁለቴ ማሠራት ትርፉ መዘግየት ነው፤ ቶክኑ (በሰርቨሮቹ መካከል ተራ በተራ የሚዞረው መልእክት) ከዘገየ ደግሞ በሕይወት ያለው ሰርቨር እንደ ሞተ ይቆጠራል።

አዲስ ለሚተክል የእኔ ምርጫ ኬኔት (ሦስተኛው የኮሮሲንክ መላኪያ ዘዴ) ነው፤ በስሪት 3 ነባሪውም እሱ ነው። እስከ 8 ሊንክ (በሰርቨሮቹ መካከል ያለ የኔትወርክ መንገድ) ይይዛል፣ ምስጠራም በዚያ ስሪት የሚሠራው በእሱ ብቻ ነው። ፋየርዎሉ ላይ ለመጀመሪያው ሊንክ ዩዲፒ 5405ን፣ ለሁለተኛው 5406ን ክፈቱ። ሁለቱንም ሊንክ አንድ ስዊች ላይ መሰካት ግን ራስን መሸንገል ነው።