ከ45 ወደ 9 ሚሊ፦ ለቤት መከላከያ መሣሪያ ስመርጥ የያዝኩት የአምስት ወር ማስታወሻ

የዛሬ አምስት ወር ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ስሄድ በልቤ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ትልቁ ጥይት ይሻላል ወይስ ትንሹ? አሁን ጥያቄው ራሱ ተቀይሮብኛል። ለመግዛት እያሰባችሁ ላላችሁ ይጠቅም እንደሆነ ከደብተሬ ላይ ያለውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያው ወር የተኮስኩት በ45 ካሊበር ነው፤ ካሊበር የአረሩ ስፋት መለኪያ ሲሆን 45 ማለት 11.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽጉጡ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ያ ዝነኛ ሽጉጥ ነው። እጅ ውስጥ ሲገባ ልብ ይሞላል። ከ7 ሜትር ላይ የመጀመሪያው ጥይቴ ዒላማው መሃል አረፈ፤ ተከታዮቹ ግን ወደ ታችና ወደ ግራ እየሸሹ ሄዱ። ማነጣጠሪያው የተዛነፈ መስሎኝ ነበር። አሰልጣኙ ምንም ሳይሉ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) ተቀብለው ጥይት ሞልተው መለሱልኝ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ምንም አልተኮሰም፤ አፈሙዙ ግን በግልጽ ወደ ታች ደፋ አለ። ከእውነተኞቹ መሃል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ቀላቅለውብኝ ኖሯል። ሽጉጡ ሲተኮስ እጅን የሚመታውን ምት ፈርቼ ቀድሜ ወደ ታች እየገፋሁት ነበር ማለት ነው። ጀማሪ የሆናችሁ ሁሉ ይህን ሙከራ እንድታደርጉት ከልቤ እለምናችኋለሁ፤ ከደርዘን ምክር ይበልጣል።

ቤት ገብቼ ስሌቱን ሠራሁት። የ45ቱ አረር 15 ግራም ገደማ ሲመዝን በሰከንድ 255 ሜትር ያህል ይጓዛል። የተለመደው የ9 ሚሊ አረር ደግሞ 8 ግራም ሆኖ 350 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጉልበታቸውን ስታሰሉት ሁለቱም 490 ጁል አካባቢ ነው። ክብደቱን በፍጥነቱ ብቻ ስታባዙት ግን የ45ቱ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፤ እጅን የሚመታውም ይኸኛው ነው። እኔ ትልቅ ጉልበት የገዛሁ መስሎኝ የገዛሁት ትልቅ ምት ነበር።

በሁለተኛው ወር ሙሉ መጠን ባለው 9 ሚሊ ሽጉጥ ሞከርኩ። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ አምስት ጥይት ለማስገባት በ45ቱ 5 ሰከንድ ይፈጅብኝ የነበረው ወደ 3 ወረደ። ካርታውም 7 ሳይሆን 17 ይይዛል።

የካሊበር ክርክር በተነሳ ቁጥር በአሜሪካ የማያሚ ከተማው ተኩስ መጠቀሱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ሁለት የኤፍቢአይ መርማሪዎች የተገደሉበት ነው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱን የመታው 9 ሚሊ አረር ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ቢገባም ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም መተኮሱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ኤፍቢአይ ጥይቶችን ሥጋን በሚተካ ጄላቲን ላይ ይፈትን ጀመር፤ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ዘልቆ የሚቆም አረር መለኪያ ሆነ። መጀመሪያ 10 ሚሊን፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን 40 ካሊበር ያዙ። የአረር አሠራር ሲሻሻል ግን ተመልሰው ወደ 9 ሚሊ ገቡ፤ አብዛኞቹ ተኳሾቻቸው በእሱ ፈጥነውም አስተካክለውም ስለሚመቱ። ይህን ሳነብ በሜዳው ላይ የደረሰብኝን በጽሑፍ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

ሾትገንም ሞክሬያለሁ። ባለ 12 ጌጁ (ጌጅ የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) በአንድ ተኩስ 8.4 ሚሊሜትር የሆኑ ዘጠኝ ያህል እንክብሎችን ይተፋል፤ ኃይሉ አያጠያይቅም። "ማነጣጠር አያስፈልገውም" የሚባለው ግን እውነት አይደለም። በክፍል ውስጥ ርቀት እንክብሎቹ ከመዳፍ ስፋት ብዙም አይበተኑም። አንድ ሜትር የሚጠጋ መሣሪያ ይዞ በጠባብ ኮሪደር መዞርም ሌላ ጣጣ ነው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተኩሳ ትከሻዋን ይዛ መለሰችው፤ እሷ ልትጠቀምበት የማትችለው መሣሪያ ደግሞ ለቤታችን አይሆንም። ኪስ የሚገባው ትንሹ ሽጉጥ ለእሷ ይቀላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ክብደት ስለሌለው ምቱን ሁሉ ለእጅ ይተወዋል። በመጨረሻ የተስማማነው የጣቷ ጫፍ ምላጩ ላይ ያለ ጭንቀት በሚደርስበት 9 ሚሊ ነው። የላይኛውን ክፍል ጎትታ ራሷ ማቀባበል መቻሏንም አሥር ጊዜ ደጋግመን አየን።

ማስቀመጫው በቁጥር የሚከፈት፣ ከመደርደሪያው ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አለን፤ ስለዚህ ከትራስ ሥር፣ ከመሳቢያ ውስጥ የሚባለውን አንሰማም። ሣጥኑ አጠገብ የእጅ ባትሪ አለ፤ ማን እንደሆነ ያላየሁትን ሰው አላነጣጥርበትም። የጆሮ መከላከያም አለ፤ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለው ድምፅ 140 ዴሲቤል ሲሆን ሽጉጥ ከዚያ ያልፋል።

ብዙ ያስጨነቀኝ ግን ግድግዳው ነው። የውስጥ ግድግዳችን የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ ሁሉም የሽጉጥ ካሊበር ያልፈዋል። ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው አረር ሥጋ ውስጥ ስለሚከፈት ቶሎ ይቆማል፤ ለቤት የመረጥኩትም እሱን ነው። የጂፕሰሙ ዱቄት ጉድጓዱን ከሞላው ግን ሳይከፈት ይቀርና እንደ ተራው አረር ይበሳል። 9 ይሁን 45፣ የሳተ ጥይት የሚያርፈው ከግድግዳው ማዶ ነው። ስለዚህ የቤታችንን ንድፍ በወረቀት ስዬ፣ ሌሊት ብነሳ የምቆምበትን ቦታ ምልክት አድርጌ፣ ከዚያ በማስመሪያ መስመር ጎተትኩ። ከመኝታ ቤታችን በር ወደ ሳሎን መግቢያ የሄደው መስመር ግድግዳውን አልፎ የልጃችን አልጋ ራስጌ ላይ አረፈ። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ።

እቅዱን እንደ አዲስ ሠራነው። ድምፅ ከሰማን ባለቤቴ ልጁን ይዛ ወደ መኝታ ቤታችን ትገባለች፤ በሩ ይቆለፋል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ እኔም ሳሎን ድረስ አልወጣም። የምቆመው ከአልጋው ማዶ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚሄደው መስመር የድንጋዩን የውጭ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። የልጁን አልጋም ትናንት ማታ ለሁለት ገፍተን ወደ ሌላኛው ጥግ አዛወርነው።